ከደንገል እስከ ፎም፤ የተንሳፋፊ ዕቃ ልብ ስለ ተመረጠበት ታሪክ

የአዊ ሰው በፈረሱ እንጂ በታንኳው አይታወቅም። በእንጅባራ የፈረስ ጉግስ ያየ እንግዳ ከዚህ አገር ስለሚንሳፈፍ ዕቃ ይጻፋል ብሎ አይጠብቅም፤ እኛም ይህን ርእስ ስንመርጥ ከጓደኞቻችን መካከል የሳቁብን አልጠፉም። ይሁን እንጂ ከአዊ ደጋ የሚወርደው ውሃ ከፊሉ በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ይገባል። በጣና ላይ ታንኳ የሚገፋበት ረጅም ዘንግም ቀርቀሃ ነው፤ ቀርቀሃ ደግሞ በእንጅባራ ዙሪያ ከየጓሮው የሚቆረጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናመለክታለን።

ለጥናታችን መነሻ የሆነችን ዳንግላ ናት። እንግሊዝ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የነበራት ቆንስላ በዚህች ከተማ ነበር። ከ1925 እስከ 1934 ቆንስል የነበሩት ሮበርት ቺዝማን ከዳንግላ እየተነሡ የዓባይን መንገድና የጣናን ዳርቻ መርምረዋል፤ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የጻፉትም መጽሐፍ በ1936 በለንደን ታትሟል። በየብስ በቅሎ፥ ወደ ደሴቶቹና ወደ ገዳማቱ ሲሻገሩ ግን ታንኳ ነበር መጓጓዣቸው። ለመሆኑ ታንኳው ከሌላ ነገር ሳይሆን ከደንገል የተሠራው ስለ ምን ነው?

ደንገል ሦስት ማዕዘን ግንድ ያለው የረግረግ ተክል ነው። ላዩ አረንጓዴና ጠንካራ ልባስ ሲሆን ውስጡ ነጭ፥ ስፖንጅ የመሰለ ልብ ነው። የሚያንሳፍፈው በዚህ ልብ ውስጥ የታቆረው አየር ነው፤ ልባሱ ውሃውን ይከለክላል። ነገር ግን በተቆረጠው ጫፍና ልባሱ በተሰነጠቀበት ቦታ ውሃ ቀስ በቀስ ይሰርጋል። በባሕር ዳር ከውሃ ወጥተው ቀጥ ብለው የቆሙትን ታንኳዎች ባየን ጊዜ ቦታ ለመቆጠብ የተደረገ መስሎን ነበር፤ ኋላ እንደ ተረዳነው ግን ለማድረቅ ነው። እንዲህ ተጠብቆም ቢሆን ዕድሜው በወራት እንጂ በዓመታት አይቈጠርም። ከውስጡም ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረግበታል፤ ተሳፋሪውና ጭነቱ ከሚሰርገው ውሃ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። እንግዲህ ሠሪው ውሃ እንደሚገባ አውቆ፥ ከዚያው ጋር ተስማምቶ ሠራው ማለት ነው። የዚህ ሥራ ሊቃውንት ሆነው የቆዩት የጣና ዳር ወይጦዎች ሲሆኑ ጎረቤቶቻቸው ግን ሲንቋቸውና ከማዕድ ሲለዩአቸው ኖረዋል። ታንኳውን ተሳፍሮ ሠሪውን የማይቀርብ ሰው ብዙ ነበር።

የጣና ደንገል በዓለም ፊት የተፈተነበት ጊዜ 1969 ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብለው ተነሡ። ደንገል በባሕር ውሃ ውስጥ በሁለት ሳምንት ያህል ይበሰብሳል ብለው የተቃወሟቸው ሊቃውንት ነበሩ። ደንገሉ ከጣና ተቆርጦ ወደ ግብፅ ሄደ፤ ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ መጡ። «ራ» የተባለችው መርከብ በፒራሚዶቹ አጠገብ ተሠርታ ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ በግንቦት 25 ቀን 1969 ተነሣች፤ ከ50 ቀን በላይ ከተጓዘች በኋላም ባርቤዶስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራት ተተወች። ደንገሉ የተባለውን ያህል ፈጥኖ አልበሰበሰም። ያቃታት አስተሳሰሯ ነው፤ የኋላ ጫፏን ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ አያስፈልግም ተብሎ ስለ ተተወ ጀርባዋ ወደ ውሃው ጎበጠ። በ1970 ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች በሌላ አስተሳሰር የሠሯት ሁለተኛዋ «ራ» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ዕቃው ከጣና ሄዶ እጁ ከሌላ ሐይቅ መምጣቱ ቅር ያሰኘናል። በየጊዜው ማድረቅን የሚጠይቀው የጣና አሠራር ለረጅም ጉዞ አይሆንም ተብሎ ይሆናል፤ ይህ የእኛ ግምት ነው።

በአይማራ ሰዎች አገር ደንገልን የሚተካው ቶቶራ የሚባል ተክል ነው። ከዚያው በቶቶራ በፔሩ ጠረፍ በዋንቻኮ ዓሣ አጥማጆች ጠባብና ረጅም መንሳፈፊያ ይሠራሉ፤ ስሙም በእነርሱ ቋንቋ «የቶቶራ ፈረስ» ማለት ነው። (የአዊ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም።) ከባሕር ሲመለሱ ማዕበሉ ላይ ተቀምጠው ወደ ዳር ይንሸራተታሉ። በማዕበል ላይ ቆሞ መንሸራተትን ታላቅ ጥበብ ያደረጉት ግን የሃዋይ ሰዎች ናቸው። ፈረንጆች ሰርፍቦርድ የሚሉትን ሰሌዳቸውን ከአንድ ወጥ እንጨት ይጠርቡት ነበር፤ ኮዋ የሚባለው ከባድ ሲሆን፥ ዊሊዊሊ የሚባለው ቀላል እንጨት ለአለቆች የሚገባ ነበር።

አሜሪካዊው ቶም ብሌክ በ1932 የባለቤትነት መብት ያገኙበት ሰሌዳ ውስጡ ባዶ ነበር። ይህ የቀርቀሃ ዘዴ ነው፤ ልባሱ ይጠንክር እንጂ ልቡ አየር ቢሆንስ ምን ቸገረ? ችግሩ አንድ ስንጥቅ ከተገኘ ውሃው ሙሉውን ይወርሰዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከኤኳዶር የሚመጣው ባልሳ እንጨት በፋይበር ግላስና በሬዚን እየተለበጠ ነገሠ። ባልሳ በአማካይ ከውሃ ስድስት እጅ አንዱን ያህል ቢመዝን ነው። ሆኖም ጥሩው ባልሳ ሩቅ አገር የሚበቅል፥ ክብደቱም ከግንድ ግንድ የሚለያይ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ሆቢ አልተርና ጎርደን ክላርክ ፖሊዩሬቴን የተባለውን ፎም በቅርጽ ውስጥ አፍልተው ጥሬ ሰሌዳ አወጡ፤ መሐሉን ለሁለት ሰንጥቀው ቀጭን እንጨት እንደ አከርካሪ አጣበቁበት። ከዚያ በኋላ ባልሳን የሚጠርብ እየተመናመነ ሄደ።

ፎምም ቢሆን ያለ ልባስ አይሆንም። ፖሊስታይሪን የተባለው ነጭ ፎም ይበልጥ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፖሊስተር ሬዚን ያቀልጠዋልና በኤፖክሲ ብቻ ይለበጣል። ልባሱ ሲሰበርም በፍሬዎቹ መካከል ውሃ ይጠጣል፤ ባለቤቱ ከባሕር አውጥቶ ያደርቀዋል። ከታንኳው ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ቀላል ልብ ሁሉ ውሃን ይፈራል፤ ሠሪውም የሚመርጠው ልቡን ብቻ ሳይሆን ልቡን ከልባሱ ጋር ነው።

ክላርክ በ1961 ያቋቋሙት ክላርክ ፎም ለአሜሪካ ሰሌዳ ሠሪዎች እጅግ የሚበዛውን ጥሬ ሰሌዳ ያቀርብ ነበር። ባለቤቱ የመንግሥትን የአካባቢና የደኅንነት ደንብ ምክንያት አድርገው ታኅሣሥ 5 ቀን 2005 በድንገት ዘጉት። ሠሪው ሁሉ ልብ አጥቶ ዋለ፤ ለዓመታት የተናቀው ፖሊስታይሪንም ከዚያ በኋላ በብዛት ተፈለገ። ሠሪዎቹ ጥበባቸውን አላጡም ነበር፤ የጎደለባቸው ዕቃው ነው።

በጣና የምንፈራው ይህንኑ ነው። የደንገሉ ረግረግ ለእርሻና ለግጦሽ እየዋለ ጠብቧል፤ በ2011 በይፋ የታወቀው እምቦጭም ዳርቻውን ወርሯል። ከሐይቁ ገባሮች ትልቁ ግልገል ዓባይ ከደጋው የታጠበውን አፈር እያመጣ በአፉ ላይ ዴልታ ሠርቷል፤ ከዚያ አፈር ውስጥ የእኛም አባቶች ማሳ አለበት። የሞተር ጀልባ በበዛበት ጊዜ ታንኳ ቢቀር ምን ይጎዳል የሚሉ መምህር አጋጥመውናል። ለመጓጓዣ ከሆነ ልክ ናቸው። ነገር ግን የራ ታሪክ እንደሚያሳየው የዕውቀቱ ትልቁ ክፍል ያለው ከደንገሉ ይልቅ በማሰሪያው ላይ ነው፤ ማሰሪያ ደግሞ ደንገል በሌለበት አይለመድም። ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ከዳንግላ ወደ ሐይቁ ወርደን፥ ሽማግሌ ሠሪዎች አንድ ታንኳ ከመጀመሪያው እስር እስከ መጨረሻው ሲሠሩ ተቀምጠን ለማየት፥ የእያንዳንዱንም እስር ስም ለመጻፍ አስበናል። ዘንጉን ከእንጅባራ ቀርቀሃ እኛው ይዘን እንሄዳለን።