አራት ዓመት ለማን?

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ሥራ አቆሙ። ይህ ቀን ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ምክንያት አብረው ማቆማቸውና ከሰባት ወር ገደማ በኋላ ዘውዱ መውደቁ ነው። መምህራኑን ግን ከደመወዝ ጥያቄ ሌላ ያስቆጣቸው አንድ ሰነድ ነበር። ስሙ «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» ይባላል። ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና የምትከራከሩት ክርክር ያኔም ነበርና በዚህ ሰነድ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ጥናቱ የተካሄደው በ1964 ዓ.ም. ነው። የዓለም ባንክም እጁ ነበረበት። ያየው ችግር እውነተኛ ነበር። በዚያን ጊዜ ከአምስት ልጆች አንዱ እንኳ ትምህርት ቤት አይገባም፤ ገንዘቡም ወደ ከተማና ወደ ላይኛው ደረጃ ያጋደለ ነበር። በወሎ ጠቅላይ ግዛት ስመ ጥሩው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይዘሮ ስኂን የሚገኘው ደሴ ነው፤ ከቆቦ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የራያ ቆላ ገበሬ ልጁን እዚያ ድረስ ቢልክ የቤት ኪራይና ስንቅ ይጠብቀዋል። ከዚያ የሚከብደው ደግሞ የልጁን ጉልበት ማጣቱ ነው። ማሽላው አሽቶ ግሪሳ የሚወርድበት ወቅት ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት ጋር ይገጥማል። ወፍ የሚጠብቀው ማን ነው? ያው ልጅ ነው።

ሰነዱ ያቀረበው መፍትሔ ለሁሉም ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ፣ ይዘቱም ከእርሻና ከእጅ ሥራ ጋር እንዲገናኝ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ግን በልክ እንዲያድግ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ለድሃው ያዘነ ነው። መምህራንና ወላጆች ግን ሌላ ነገር አነበቡበት። የገበሬው ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ ሞፈሩ ሊመለስ ነው፣ የሹሙ ልጅ ግን ዩኒቨርሲቲ ሊደርስ ነው አሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገን እውነት ይዘው ነበር። ብዙ ልጆች ፊደል ሳይቆጥሩ ለጥቂቶች ዩኒቨርሲቲ መክፈል ግፍ ነው፤ ለብዙዎቹ በሩን አራተኛ ክፍል ላይ መዝጋትም ግፍ ነው። ጥናቱ ተጠናቆ ከዓመት በላይ ለሕዝብ ሳይገለጥ መቆየቱ ደግሞ ጥርጣሬውን አባሰው።

ጊዜውም ክፉ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተርቧል። ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተራቡ ሰዎች መኪና እያስቆሙ ይለምኑ ነበር፤ ቆቦም በዚሁ መንገድ ላይ ናት። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ ሲያሳዩ ተማሪው ተንቀሳቀሰ። ረሃቡን የሸሸገ መንግሥት «ለገበሬው ልጅ አራት ዓመት እንስጠው» ቢል ማን በቅንነት ይሰማዋል? ሥራ ከቆመ ከጥቂት ቀናት በኋላ መንግሥት ሰነዱን አገደው። ጥያቄው ግን አልታገደም።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀመረ፤ በዓመቱም ኢትዮጵያ በዩኔስኮ በኩል ተሸለመች። (የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን «የምሥራች ድምፅ» በተባለው ዘመቻ ጎልማሶችን ማንበብ ማስተማር የጀመረችው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ይህን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አይመስለኝም።) እናቶችና አባቶች ፊደል ቆጠሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ከገጠሩ ልጅ እንደ ራቀ ቀረ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲመጣ ትምህርት ቤት ወደ ቀበሌ ወረደ፤ እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ፣ የመጀመሪያው ደረጃም በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሆነ። የኔ ትውልድ የዚህ ልጅ ነው። ወልድያ ላይ በ2004 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ለራያ ልጅ ደሴ እንኳ ሩቅ መሆኑ ቀረ። ልዩነቱ ግን ከበሩ ወደ ክፍሉ ውስጥ ገባ። ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ ትምህርቱ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ከሳተላይት ይመጣልን ጀመር፤ በፈጣን እንግሊዝኛ፣ ለአዲስ አበባውም ለቆላውም እኩል። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ፤ ስርጭቱ ማንንም አይጠብቅም። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረው የከተማ ልጅ ተከታተለ፤ እኛ ሥዕሉን አየን።

የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም፤ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ተማሪዎቻቸውን ሁሉ ያሳለፉ ነበሩ። ኩረጃው መቅረቱ መልካም ነው፤ የተሰረቀ ውጤት የሚጎዳው ለፍቶ ያጠናውን የድሃ ልጅ ነው። ነገር ግን መለኪያው አንድ ሲሆን የተለኩት በአንድ ዓይነት ቤት አልተማሩም። ቆቦ ከሐምሌ 2013 ጀምሮ አምስት ወር ያህል በጦርነት እጅ ነበረች፤ በነሐሴ 2014 ጦርነቱ እንደገና የተቀሰቀሰው እዚያው አካባቢ ነው። ሌላው ተማሪ ለፈተና ሲዘጋጅ የቆቦው ይሸሽ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ያለፉት ድርሻ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ፤ በዜናም ተነገረ። በዚያው ዜና ሌላም ቁጥር ነበረ፦ የተፈተኑት ከ600 ሺህ ያነሱ ናቸው። የመቀነሱ ምክንያት ብዙ ነው። በአማራ ክልል ግን በግጭቱ የተነሣ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው የቀሩት ልጆች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለፈተና ያልተቀመጠ ደግሞ በመቶኛው ስሌት ውስጥ ወደቀም አለፈም አይባልም።