የገራድ ኤረር ቀይ ድንጋይ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የድሬዳዋን የቆየ ወሬ ላውጋችሁ። የባቡሩን አይደለም። ባቡሩማ የመጣው ትናንት ነው፤ በ1895 ዓ.ም.። የእኔ ወሬ አርባ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ነገሩም የማዕድን ነገር ነው።

ማዕድን ሲባል አሁን አሁን የምናስበው መንግሥታት የሚሻሙበትን ነው። ተንግስተን አንዱ ነው። ሙቀቱ 3,422 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ታንክ የሚበሳ ጥይት ይሠራበታል፣ ብረት ይቆረጥበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፖርቱጋል ከጉድጓዶቿ እያወጣች ለጀርመንም ለእንግሊዝም ስትሸጥ ከርማ፣ ግፊቱ ሲበዛባት በ1944 እ.ኤ.አ. አቆመች። እኛም በጉጂ ምድር ቀንጢቻ ላይ ታንታለም አለን፤ ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው። ድሬ ደግሞ ጥንት፣ ብረት ገና ሳይታወቅ፣ ሰው የሚደክምለት የራሷ ማዕድን ነበራት።

የደቻቱን ወንዝ ታውቁታላችሁ። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ወርዶ ስንቱን ሰው እንደወሰደ የድሬ ልጅ አይረሳውም። ከከተማዋ በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ፣ ከዚሁ ወንዝ መቶ አርባ ሜትር ግድም ሽቅብ ብትወጡ፣ ገራድ ኤረር በሚባለው ኮረብታ አናት አጠገብ አንድ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ታገኛላችሁ። ፖርክ ኤፒክ ይባላል።

በ1929 እ.ኤ.አ. ሁለት ፈረንሳውያን ይህን ዋሻ ለዓለም አስተዋወቁት፤ አንዱ የቀይ ባሕሩ ነጋዴና ጸሐፊ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ፣ ሌላው ካህኑና የቅሪተ አካል ሊቁ ቴያር ደ ሻርደን። ከአራት ዓመት በኋላ ተቆፈረ፤ የሰው መንጋጋ ስባሪ ወጣ። ከ1974 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴዝመንድ ክላርክና ኬነት ዊልያምስ ሰፋ አድርገው ቆፈሩት።

ምን ወጣ በሉኛ! ቀይ ድንጋይ። ብረት ያለበት፣ ሲፈጭ ቀለም የሚሆን፣ ሊቃውንቱ ኦከር የሚሉት። 4,213 ቁራጭ ተቆጠረ፤ ሲመዘን 40 ኪሎ ሆነ። ያን ሁሉ ሸክም ሰው ነው በእጁ ወደዚያ ዋሻ ያስገባው። ቁራጮቹን ስታዩ አንዱ ተፍቋል፣ አንዱ ተፈጭቷል፣ አንዱ ተሰብሯል። መፍጫ ድንጋዮቹም አብረው ወጥተዋል፤ ከተለያየ ድንጋይ የተመረጡ ናቸው፣ ሻካራ ዱቄት የሚሰጥ አለ፣ ልም ዱቄት የሚሰጥም አለ።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን አንድ ክብ ጠጠር ነው። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ንጹሕ። ባለቤቱ በንጹሑ በኩል ይዞ፣ ሌላውን ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ ቆዳ ወይም ገላ ላይ እንደ ማኅተም ሳይመታበት አልቀረም ይላሉ ያጠኑት። ታዲያ ማንን ነበር የሚያትመው? ሙሽራ? አዳኝ? እንግዳ ከወገን እንዲለይ? ይህ ለእኔ ከጌጥ ያለፈ ነገር ነው። ሰው ማን መሆኑን በገላው የሚያሳይበት ማዕድን፣ ለዚያ ዘመን ሰው ከምግብ ቀጥሎ የሚፈለግ ሀብት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ሥራው የአንድ ሰሞን አልነበረም። ቢያንስ 4,500 ዓመት በዚያ ዋሻ ቀለም ተፈጭቷል። የአክሱም ሐውልቶች ከቆሙ እስከ ዛሬ ካለው ዘመን ከእጥፍ በላይ ነው። አፈጫጨቱ ቀስ በቀስ ይለዋወጣል እንጂ አይቋረጥም፤ ልጅ ከእናቱ፣ የልጅ ልጅ ከአያቱ ሲማር ኖሯል ማለት ነው።

ንግዱስ? መሣሪያ የሚጠረብበት ጥቁር ባልጩት ከአሰቦት፣ ከአያሉ፣ ከቆኔ አካባቢ መምጣቱ ተረጋግጧል፤ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ። ሐዲድ የለ፣ ግመል የለ፣ በእግር። የድሬ ሰፈሮች ከዚራና መጋላ የባቡር ልጆች ናቸው ሲባል እስማለሁ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከሩቅ አገር ዕቃ ወደዚህ ቆላ መምጣቱ ከሐዲዱ ጋር አልተጀመረም።

ቀዩ ድንጋይ ዛሬ አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል። እዚያ መጠበቁ ደግ ነው። ሆኖም የድሬው የሳቢያን ሰፈር ተማሪ ያን ክብ ጠጠር ለማየት አዲስ አበባ መውጣት የለበትም። አንድ ጥሩ ቅጂ ተሠርቶ ድሬ ላይ ይቀመጥለት፤ የመፍጫ ድንጋዮቹም ቅጂ አብሮ ይምጣ፣ ልጆቹ በእጃቸው ይዘው ይፍጩበት።