የካታሊና ሞዴል ትክክለኛነት፦ ከማስመሪያው በፊት የሚመጣው ጥያቄ

ሳሎኔ ውስጥ ካለው የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ለሁለት ዓመት ያህል ያቆምኩት የፕላስቲክ አውሮፕላን አለ፡፡ ከሥሩ በእጄ ጽፌ የለጠፍኩበት ወረቀት፣ «ቢስማርክን ያገኘው ካታሊና፣ ኤኤች 545» ይላል፡፡ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን መተረክ ልማዴ ነበር፡፡

አንድ እሑድ ቡና ሊጠጡ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፉ ጎረቤቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ሞዴሉን ከግራም ከቀኝም ሲያዩት ቆዩ፡፡ ከዚያም፣ «ልጄ፣ ይኼ ከሐይቅ ላይ ተነሥቶ ነው የሄደው አላልከኝም? ታዲያ ጎማውን ምን ሊያደርግለት ነው?» አሉኝ፡፡ መልስ አልነበረኝም፡፡ ማታ መጻሕፍቴን ስገልጥ ጥያቄያቸው ልክ መሆኑን ተረዳሁ፡፡ ሞዴሉን ስገዛም ሆነ ስገጣጥም የክንፉን ርዝመት ለክቼ፣ ልክ ነው ብዬ ተማምኜ ነበር፡፡ ልኬቱ ትክክል ነበር፤ አውሮፕላኑ ግን ሌላ ነበር፡፡

በዚህ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የተጠመዱ፣ ወይም ለልጆቻቸው ኪት ለመግዛት የሚያስቡ አንባቢያን የእኔን ስህተት እንዳይደግሙ የተማርኩትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ፡፡

ካታሊና ምን ዓይነት አውሮፕላን ነው?

የአሜሪካው ኮንሶሊዴትድ ኩባንያ ሥራ የሆነው ይህ የባሕር ቅኝት አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1935 ነው፡፡ የነደፈው መሐንዲስ አይዛክ ላደን ይባላል፡፡ የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ፒቢዋይ» ብሎ ሰየመው፤ «ፒቢ» የቅኝትና የቦምብ ጥቃት አውሮፕላን መሆኑን ሲያመለክት፣ «ዋይ» ደግሞ የአምራቹ መለያ ፊደል ነው፡፡ ካታሊና የሚለውን ስም ያወጡለት እንግሊዞች ናቸው፡፡

ሆዱ እንደ ጀልባ የተሠራ በመሆኑ ውኃ ላይ ያርፋል፡፡ ክንፉ ከአካሉ በላይ በአንድ ምሰሶ ላይ ተቀምጧል፡፡ በክንፉ ጫፎች ያሉት ተንሳፋፊዎች በበረራ ጊዜ ወደ ላይ ታጥፈው የክንፉ ጫፍ ይሆናሉ፡፡ እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች ተገጥመውለታል፡፡

ኤኤች 545 የእንግሊዝ አየር ኃይል 209ኛ ስኳድሮን ንብረት ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 1941 ከሰሜን አየርላንዱ ሎክ ኧርን ሐይቅ ተነሥቶ፣ የእንግሊዝ መርከቦች ዱካውን ያጡትን የጀርመን የጦር መርከብ ቢስማርክን አትላንቲክ ላይ አገኘው፡፡ አዛዡ ዴኒስ ብሪግስ ሲሆን፣ መርከቡን ያየው አብሮት የበረረው አሜሪካዊ መኮንን ሌናርድ ስሚዝ ነው፡፡ ቢስማርክ በማግስቱ ሰጠመ፡፡

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የትኛው?

ካታሊና አንድ አውሮፕላን አይደለም፡፡ የመጀመሪያዎቹ ስሪቶች በጎናቸው ላይ ተንሸራታች መዝጊያ እንጂ፣ ዛሬ ሁላችን የምናውቀው ያበጠ መስኮት አልነበራቸውም፡፡ ያ መስኮት መደበኛ የሆነው በፒቢዋይ 5 ላይ ነው፡፡ ይህ ስሪት ግን ማረፊያ ጎማ የለውም፡፡ ጎማ የተጨመረለት ፒቢዋይ 5ኤ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሆን፣ ትልልቆቹ ጎማዎች በአካሉ ጎንና ጎን ወዳሉ ጎድጓዳ ቦታዎች ይገባሉ፡፡ በመጨረሻ የመጣው ፒቢዋይ 6ኤ ደግሞ ጅራቱ ከፍ ያለ ነው፡፡

ኤኤች 545 እንግሊዞች ማርክ 1 የሚሉት፣ ጎማ የሌለው ዓይነት ነበር፡፡ እኔ የገጣጠምኩት 5ኤ ነው፡፡ እንዲያሳስተኝ ያደረገው አንድ የቆየ ፎቶግራፍ ነው፤ ጎማ የሌለው ካታሊና ከውኃ ወደ የብስ ሲጎተት ለጊዜው የሚታሰርለት ተነቃይ ጎማ አለ፡፡ እኔም ያንን አይቼ ማረፊያ ጎማው መሰለኝ፡፡

በመሆኑም ኪት ከመግዛት በፊት የሚመጣው ጥያቄ «ልኬቱ ትክክል ነው ወይ?» ሳይሆን፣ «የትኛውን አውሮፕላን፣ በየትኛው ጊዜ ነው የምሠራው?» የሚለው ነው፡፡

ማስመሪያው የሚናገረው

ይህ ከተመለሰ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው፡፡ የካታሊና ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 31.7 ሜትር፣ የ5ኤ ርዝመት ደግሞ 19.46 ሜትር ነው፡፡ በ1/72 ምጥጥን ክንፉ 44 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 27 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይገባል፡፡ በ1/48 ምጥጥን ክንፉ 66 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፡፡ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢጎድል ዓይን አያየውም፡፡

ዓይን የሚያየው ሌላ ነገር ነው፡፡ በብረት ሉሆች መጋጠሚያ ላይ ኪቱ የሚያሳየው መስመር 0.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ በ1/72 ምጥጥን በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 14 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ስንጥቅ ማለት ነው፡፡ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ውኃ ላይ ቢያርፍ አይቆይም ነበር፡፡ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የወጡ የድሮ ኪቶች ደግሞ ሪቬታቸው ያበጠ ነበር፡፡ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የሪቬት ራስ በ1/72 ከ0.07 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ብዙም አይወፍርም፡፡

የክንፉ የኋላ ክፍል፣ እንዲሁም የጅራቱ መሪዎች በጨርቅ የተለበሱ ናቸው፡፡ ጨርቁ በቀለም ተወጥሮ የሚደርቅ በመሆኑ ከሞላ ጎደል ለጥ ያለ ነው፡፡ አንዳንድ ኪቶች ግን የድርቅ ዘመን ከብት ጎድን ያስመስሉታል፡፡ ይህ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ይስተካከላል፡፡

የጎን መስኮቶቹ ከሁሉም ያስቸግራሉ፡፡ 1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ በ1/72 ምጥጥን 7.2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መስተዋት ይሆናል፡፡ ውስጡን ያደበዝዛል፤ ምስሉንም ያጣምማል፡፡ ትዕግሥት ያለው ሰው ስስ ፕላስቲክ በሙቀት አለስልሶ በቅርጽ ላይ በመወጠር ይተካዋል፡፡

ምስክሮቹም ይሳሳታሉ

«ሙዚየም ያለውን ለክቼ አረጋግጣለሁ» የሚል ሰው ያጋጥማል፡፡ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ይሁንና ከጦርነቱ የተረፉት ካታሊናዎች ብዙዎቹ ለጭነት፣ ለመንገደኛና ለእሳት ማጥፊያ አገልግሎት ተለውጠዋል፡፡ በብዙዎቹ ላይ የአፍንጫው የመትረየስ ቦታ ተነሥቶ በለስላሳ ቆርቆሮ ተሸፍኗል፡፡ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ጠረፍ ከ1960 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ቆሞ የታየው ካታሊናም ለግል መዝናኛ የተለወጠ ነበር፡፡ እሱን አይቶ የ1941ን አውሮፕላን መሥራት፣ ታድሶ ፎቅ የተጨመረበትን ቤት አይቶ የአያትን ጎጆ እንደመሳል ነው፡፡

ንድፎችም አይታመኑም፤ አንዱ ከሌላው ሲገለበጥ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል፡፡ ከሁሉ የሚሻለው ቀኑና መለያ ቁጥሩ የታወቀ ፎቶግራፍ ነው፡፡ ቀለምን በተመለከተም እንዲሁ ነው፡፡ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ካታሊናዎች በጦርነቱ መጀመሪያ ከላይ ሰማያዊ ግራጫ፣ ከሥር ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነበሩ፤ በፓስፊክ በሌሊት የሚያጠቁት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ተቀቡ፡፡ ፀሐይና ጨው ያገረጣውን ቀለም ከቆርቆሮው ላይ ካለው ቁጥር ጋር በፍጹም ማዛመድ አይቻልም፡፡

በመጨረሻም የካርቶኑ ሥዕል አያታልላችሁ፡፡ የኪት ማምረቻ የብረት ቅርጽ ውድ በመሆኑ አምራቾች የአሥርት ዓመታት ዕድሜ ያለውን ቅርጽ በአዲስ ካርቶን መልሰው ይሸጣሉ፡፡ ከመግዛታችሁ በፊት ቅርጹ መጀመሪያ የወጣበትን ዓመት ጠይቁ፡፡

የእኔን ካታሊና በተመለከተ፣ የጎማውን ጎድጓዳ በስቱኮ ለመድፈን አስቤ ነበር፤ ተውኩት፡፡ ጎማ ያለው እንደመሆኑ ወረቀቱን ብቻ አንሥቼ፣ «ፒቢዋይ 5ኤ» ብዬ ጻፍኩበት፡፡ ያን ቀን ከሐይቁ ለተነሡት ሰዎች ደግሞ ጎማ የሌለውን ኪት ገዝቼ ጀምሬላቸዋለሁ፡፡ ጎረቤቴ ባለፈው እሑድ መጥተው ጎኑን በጣታቸው ዳሰሱና፣ «አሁን ይዋኛል» አሉኝ፡፡