የሐሞት ቱቦ ጠጠር በአረጋውያን፦ የኢንዶስኮፒ ሕክምና ከሰቆጣ ሲታይ

የሐሞት ቱቦ ጠጠር ብዙውን ጊዜ በሐሞት ከረጢት ውስጥ ተፈጥሮ ሐሞትን ወደ ትንሹ አንጀት በሚያደርሰው ዋና ቱቦ የሚሰነቀር ጠጠር ነው፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥርም ይበዛል። ፍሰቱ ሲዘጋ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል። የታቆረው ሐሞት በባክቴሪያ ሲመረዝ ደግሞ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳትና በቀኝ ጎድን ሥር ሕመም ይከተላሉ። በአረጋውያን ላይ ግን እነዚህ ላይጎሉ፣ ድካምና መቀባጠር ብቻ ሊታይ ይችላል። ቢጫነቱም በልማድ «የወፍ በሽታ» ስለሚባል መዘጋቱ ሳይታወቅ ቀናት ያልፋሉ። አልትራሳውንድ የቱቦውን መስፋት ያሳያል፤ ጠጠሩን ራሱን ግን ሁልጊዜ አያሳይም።

ኢአርሲፒ የተባለው ሕክምና በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፕ እስከ ቱቦው አፍ ይደርሳል፤ በራጅ እየታየም አፉ በጥቂቱ ተቀዶ ጠጠሩ በባሉን ወይም በሽቦ ቅርጫት ይወጣል። ቅዱን በ1974 እ.ኤ.አ. የጀርመንና የጃፓን ሐኪሞች፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ አስተዋወቁት። «ሽማግሌ አይችለውም» የሚለው ስጋት ከባዶ የመነጨ አይደለም፤ ማደንዘዣው ልብንና ሳንባን ይፈትናል፣ መድማትም አለ። ይሁንና ከሕክምናው በኋላ የሚመጣው የቆሽት ብግነት በአረጋውያን ላይ ከወጣቶች ያነሰ ነው፤ ሆድ ከፍቶ ቱቦውን መቅደድም ለደካማ ሰው የባሰ ሸክም ነው። ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን ሪፈር ለመከልከል አይበቃም።

ከዋግ ኽምራ ደጋ ሲታይ ከዕድሜ ይልቅ የሚከብደው ርቀቱ ነው። በዚያው በሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ኢአርሲፒ የሚሠራባቸው ጥቂት ተቋማት ያሉባት አዲስ አበባ ግን ወደ 700 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ትልልቅ ጠጠር ላለባቸው አቅመ ደካሞች ጠጠሩን ትቶ ሐሞት የሚያሳልፍ ትንሽ የፕላስቲክ ቧንቧ (ስቴንት) ማስገባት በሌላው ዓለም የተለመደ ነው። ስቴንቱ ግን በወራት ውስጥ ስለሚደፈን በየሦስት ወሩ ገደማ መለወጥ አለበት፤ ያንን መንገድ በየወቅቱ መመላለስ ለማይችል አዛውንት የተረሳ ስቴንት ራሱ የመመረዝ ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ አቅሙ ለሚፈቅድለት የሩቅ አገር ታማሚ፣ ከቅዱ በኋላ የቱቦውን አፍ በትልቅ ባሉን አስፍቶ ጠጠሩን በአንድ ጊዜ ማውጣት ይመረጣል። በመመረዝ የደም ግፊቱ ለወረደ ሰው ይህ አይሠራም ቢባል እውነት ነው፤ እሱ ፈሳሽና አንቲባዮቲክ እዚያው ሰቆጣ ተጀምሮለት፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በስቴንት ሐሞቱ ይፈስለታል፣ ሲያገግምም ወደ ቤቱ ሳይመለስ ጠጠሩ ይወጣለታል። የሐሞት ከረጢቱም ከቀረ ጠጠር ደግሞ ሊወርድ ስለሚችል፣ ቀዶ ሕክምና ለሚችል አረጋዊ ቀዶ ሐኪም ባለበት ቅርብ ሆስፒታል ቢወጣለት ይሻላል።