የትምህርት ሶፍትዌር ተደራሽነት ግምገማ

የትምህርት ሶፍትዌር ተደራሽነት ግምገማ ማለት ለማስተማሪያ፣ ለመለማመጃ ወይም ለፈተና የሚውል ፕሮግራም አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ያለ ሌላ ሰው እርዳታ ሊጠቀሙበት መቻላቸውን የመፈተሽ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ ከመገዛቱ በፊት ቢደረግ ይመረጣል፤ ከተሠራ በኋላ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበልጥ ያስወጣልና።

ሕጋዊ መሠረት

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት፣ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኮምፒውተር ተሰጥቷል። ፕሮግራሙ ለፈተና ሲውል፣ ሊነበብ የማይችል አንድ ቁልፍ ተማሪውን ውጤት ሊያሳጣው ይችላል።

መለኪያዎች

በስፋት የሚሠራበት የድር ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ሲሆን፣ 2.2ኛው ዕትም እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቷል። በመካከለኛው ደረጃው ከሚጠየቁት መካከል፦

* ፕሮግራሙ ያለ ማውዝ፣ በኪቦርድ ብቻ መሥራቱ፤
* ሥዕሎች የጽሑፍ መግለጫ፣ ቪዲዮዎች የግርጌ ጽሑፍ መያዛቸው፤
* በመደበኛ መጠን የተጻፈ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 ንፅፅር መኖሩ፤
* የጊዜ ገደብ ሲኖር፣ ሰዓቱ የፈተናው ዋና አካል ካልሆነ በቀር፣ ማራዘም መቻሉ።

የግዕዝ ፊደል

ለአማርኛ የሚደረግ ግምገማ ተጨማሪ ፍተሻ ይጠይቃል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ በላቲን ፊደላት ኮድ ስለሚቀመጥ፣ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም የስክሪን አንባቢ ትርጉም የሌለው ድምፅ ያሰማል። እንደ ፎቶ የተቃኘ መጽሐፍ ደግሞ ጭራሹን አይነበብም።

ፊደሉ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። ስለዚህ ገምጋሚው የጥያቄዎቹ ትርጉም በንባቡ እንዳልተዛባ በጆሮው ይሰማል።

አካሄድ

በአውቶማቲክ መፈተሻ የሚገኘው የችግሩ ከፊል ብቻ ነው። ቀጥሎ ፕሮግራሙ በስክሪን አንባቢ ይሞከራል፤ በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤ በውስጡ በያዘው ኢስፒክ ኤንጂ አማካኝነት አማርኛ ያነባል። እንደ አንኮበር ወረዳዋ ጎረቤላ ባሉ ትናንሽ ከተሞች ለሚማሩ የታሰበ ፕሮግራም በርካሽ ስልክ ላይና ኢንተርኔት ተቋርጦም ሊሞከር ይገባል።

የመጨረሻው ፍተሻ የተማሪዎቹ ነው። ዓይነ ስውር፣ መስማት የተሳነው ወይም እጁን ማንቀሳቀስ የሚቸግረው ተማሪ አንድ ሙሉ ትምህርት ከመግቢያ እስከ መልስ ማስረከብ ብቻውን ይሠራል፤ የቆመበት ቦታም ይመዘገባል። መስማት ለተሳናቸው ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያ ቋንቋቸው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በመሆኑ፣ የግርጌ ጽሑፍ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።