ኤችኤልኤ-ኤ29 እና የበርድሾት ሕመም፦ የአንድ የዘር ጠቋሚ ታሪክ

አንድ የዘር ጠቋሚ ከአንድ በሽታ ጋር ያለው ዝምድና የቱንም ያህል የጠበቀ ቢሆን፣ ጠቋሚው መገኘቱ ብቻውን በሽታው መኖሩን አያረጋግጥም። ለዚህ ዋነኛ አብነት የሚሆነው በርድሾት የተባለው ብርቅ የዓይን ብግነትና ኤችኤልኤ-ኤ29 የተባለው ጠቋሚ የተገናኙበት ታሪክ ነው።

የታሪኩ መነሻ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ዶሴ እ.ኤ.አ. በ1958 በነጭ የደም ሕዋሳት ላይ የሚገኘውን የመጀመሪያውን የኤችኤልኤ አንቲጂን መግለጻቸው ነው። ዘርፉ በመጀመሪያ ያገለገለው ለአካል ንቅለ ተከላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ግን ኤችኤልኤ-ቢ27 ከአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነትና ከድንገተኛ የፊተኛው ዓይን ብግነት ጋር፣ ኤችኤልኤ-ቢ5 ደግሞ ከቤሼት በሽታ ጋር መዛመዳቸው ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የዓይን ሐኪሞች ፊታቸውን ወደ ደም ምርመራው አዞሩ።

እ.ኤ.አ. በ1980 ራያንና ሞሚኒ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች 13 ሕሙማንን መርምረው፣ በዓይን ጀርባ ላይ የተበተኑትን ፈዛዛ ነጠብጣቦች ለወፍ አደን ከሚተኮስ ፍንጣሪ ጥይት ምልክት ጋር በማመሳሰል ሕመሙን «በርድሾት» አሉት። በቀጣዩ ዓመት ዶናልድ ጋስ ያንኑ ሕመም በለምጽ መስለው ሌላ ስም ሰጡት። ሁለቱም ስያሜዎች የቆሙት ሐኪሙ በዓይኑ ባየው ምልክት ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1982 ነስንብላትና ባልደረቦቻቸው ከሕሙማኑ 80 በመቶ የሚሆኑት ኤችኤልኤ-ኤ29 እንዳላቸው፣ ከጤነኞች ግን 7 በመቶ ያህሉ ብቻ እንዳላቸው አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ፕሪምና ኦስተርሃውስ በ102 ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት መጠኑ ከ95 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። በኤችኤልኤና በበሽታ መካከል ከታወቁት ዝምድናዎች ሁሉ ይህን ያህል የጠበቀ ጥቂት ነው።

ይሁንና አኃዙ በጥንቃቄ ካልተነበበ ያሳስታል። ለምሳሌ ከ1,000 የዓይን ብግነት ሕሙማን መካከል በርድሾት ያለባቸው 10 ብቻ ናቸው ቢባል፣ ምርመራው እነዚህን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያገኛቸዋል። ከቀሩት 990 ሕሙማን መካከል ግን 7 በመቶው፣ ማለትም 69 ያህሉ፣ በርድሾት ሳይኖርባቸው ጠቋሚውን ይዘው ይገኛሉ። በዚህ ስሌት ጠቋሚው ከተገኘባቸው 79 ሰዎች መካከል በርድሾት ያለበት ከስምንት አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ምርመራው ነጠብጣቦቹ ለታዩበት ሕመምተኛ ትልቅ ድጋፍ ሲሆን፣ ላልታዩበት ግን የስሕተት ምንጭ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ነጠብጣብ እየታየ ጠቋሚው ከጠፋ፣ ሐኪሙ ሳርኮይዶሲስን፣ ቲቢን፣ ቂጥኝንና የዓይን ሊምፎማን እንደገና እንዲያስብ ያስገድደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ዓለም አቀፍ የምርምር መስፈርት ይህንኑ ተከትሏል። መስፈርቱ ሕመሙ በሁለቱም ዓይኖች መኖሩን፣ በዕይታ ነርቭ ራስ ዙሪያ ቢያንስ ሦስት ነጠብጣቦች መታየታቸውንና የዓይኑ የውስጥ ብግነት መለስተኛ መሆኑን የግድ ሲጠይቅ፣ ኤችኤልኤ-ኤ29ን ግን በደጋፊ ማስረጃነት ብቻ መደበው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሳን ቡድን መመደቢያም ዓይነተኛዎቹ ነጠብጣቦች በግልጽ ከታዩ ጠቋሚውን የግድ አይጠይቅም።

ጠቋሚውን ከያዙት አብዛኞቹ ለምን እንደማይታመሙ የሚያመለክት ፍንጭ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በኔዘርላንድስና በስፔን ሕሙማን ላይ የተደረገ የዘረ መል ጥናት፣ ኢራፕ2 የተባለው ዘረ መልም ከበሽታው ጋር እንደሚዛመድ አሳየ። ይህ ዘረ መል የሚያመነጨው ኢንዛይም በኤችኤልኤ ላይ የሚቀርቡትን የፕሮቲን ቁራጮች በልክ የሚቆርጥ ነው። ይህም ኤችኤልኤ-ኤ29 በሽታውን የሚያመጣው ብቻውን እንዳልሆነ ያመለክታል።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ለዕለት ተዕለት የሕክምና ሥራ ቅርብ ነው። በርድሾት ካልታከመ ዕይታን ቀስ በቀስ ስለሚሸረሽር የሰውነት መከላከያን የሚገቱ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ይታዘዙለታል። እነዚሁ መድኃኒቶች በደም ውጤት ብቻ ተመርኩዞ ሳይታወቅ ለቀረ የቲቢ ወይም የቂጥኝ ሕመምተኛ ቢሰጡ ግን ኢንፌክሽኑን ሊያባብሱ ይችላሉ። ቲቢና ቂጥኝ በብዛት በሚታዩበት አገር የሚሠራ ሐኪም እንግዲህ የዓይኑን ጀርባ በሚገባ አይቶ፣ ተላላፊ በሽታዎችን አስቀድሞ አጣርቶ፣ የዘር ጠቋሚውን ውጤት ከእነዚህ ቀጥሎ ሊመዝነው ይገባል።