መቃብር ውስጥ ያደረ ምስክር

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። ይሁን እንጂ እውነት እስኪጠራ ድረስ ጠብቆ የሚያቆይ ሰው ይፈልጋል። የምሥራቅ ቲሞር ታሪክ ይህን ያስተምረናል።

ውድ አንባብያን፣ ምሥራቅ ቲሞር ከአውስትራልያ በስተሰሜን የምትገኝ፣ የፖርቱጋል ቅኝ የነበረች ትንሽ አገር ናት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1975 የኢንዶኔዥያ ጦር ወረራት። ገና ከወረራው በፊት፣ በኦክቶበር፣ ድንበር ጥሰው የገቡ ወታደሮች ባሊቦ ላይ ለአውስትራልያ ቴሌቪዥን የሚሠሩ አምስት ሰዎችን ገድለው ነበር። በወረራው ማግስት ደግሞ ጋዜጠኛው ሮጀር ኢስት በዲሊ ወደብ ተረሸነ። ከዚያ አገሪቱ ለዓመታት ለውጭ ጋዜጠኞች ተዘጋች። በ1983 በክራራስ መንደርና በአካባቢዋ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሲገደሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣ አልነበረም። ዓለምም አልሰማም።

በ1991 ማክስ ስታል የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ አገር ጎብኚ መስሎ ገባ። ኖቬምበር 12 ቀን ሕዝቡ ከሁለት ሳምንት በፊት ለተገደለው ወጣት ለሰባስቲያዎ ጎሜሽ መታሰቢያ ወደ ሳንታ ክሩዝ መካነ መቃብር በሰልፍ ሄደ። ወታደሮቹ ተኩስ ከፈቱበት። ስታል የሚሸሹትን፣ የቆሰሉትን፣ በጸሎት ቤቱ ተጠግተው የሚጸልዩትን በፊልም ቀረጸ። እንደሚያዝ ስለገባው ፊልሙን በአዲስ መቃብር ውስጥ ቀበረ። እንዳሰበውም ተይዞ ለሰዓታት ተመረመረ። ሲለቀቅ በሌሊት ተመልሶ አወጣው። አንዲት ሆላንዳዊት ጋዜጠኛም ደብቃ ከአገር አሻገረችው።

ጦሩ የሞቱት 19 ናቸው አለ። ፊልሙ በየአገሩ ሲታይ መንግሥት ቁጥሩን ወደ 50 ከፍ አደረገ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል! የሟቾችን ስም አንድ በአንድ የመዘገቡ ወገኖች ግን 271 ስም አቀረቡ። በ1992 የአሜሪካ ምክር ቤት ለኢንዶኔዥያ ይሰጥ የነበረውን የወታደራዊ ሥልጠና ርዳታ አቋረጠ። በ1999 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ በ2002 ነጻ ወጣ።

ነጻነቱን ያመጣው ፊልሙ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሺህ ሰው ወድቆበታል። ሆኖም የክራራስና የሳንታ ክሩዝ ደም እኩል ደም ሆኖ ሳለ፣ የአንደኛው ጩኸት በጊዜው የተሰማው ምስክር ስላገኘ ነው።

ካሜራ በእጃችን የለም። ቀኑን፣ ቦታውንና የሟቹን ስም ግን እርሳስ የያዘ ሁሉ ሊጽፍ ይችላል። የ271ዱም መዝገብ የተጀመረው ከአንድ ስም ነው።